ለአፈሩ የተወሰደው ቅቤ

ዳፑ የባሌ ታናሽ እህት ናት። እዚህ እኛ አገር ሴት ልጅ ስትደጋገም ወላጅ ተማርሮ የመጨረሻዋን «ዳፑ» ይላታል፤ ጠገብን፣ ከእንግዲህ አትላክብን ማለት ነው። ባሌ የበኩር ልጅ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሦስት ሴት ተከታተለ፤ አራተኛ ሆና እሷ ስትመጣ አማቴ ቢርማቲ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች አሉ። እንግዲህ ጠገብን የተባለችው ልጅ ናት በዚያ ሁሉ ወተትና ቅቤ መሃል በረሃብ ልታልቅብን የነበረችው። ይሄን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

እኔ ሙኔሽ እባላለሁ። በምራትነት እዚህ ቤት ስገባ ዳፑ ገና የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። ባሌ ወታደር ነው፤ በዓመት አንዴ መጥቶ ሁላችንንም ገላምጦ ይመለሳል። ሌሎቹ እህቶቹ አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነው ማለት ይቻላል። እኔ ጎሾቹን አልባለሁ፣ አማቴ ትቆጣለች፣ ዳፑ ትታገላለች።

ወደ ትግል ስፖርት የገባችው በጠብ ነው። ቧንቧ ጋ ወረፋ ስትጠብቅ አንድ ጎረምሳ ባልዲዋን በእግሩ ገፍቶ የራሱን ደቀነ። ዳፑ ወገቡን ይዛ ብድግ አደረገችውና ጭቃው ላይ ዘረረችው። የትግል አስተማሪው ጉሩጂ ራምፋል በዚያ ሲያልፉ አይተው ኖሮ በማግስቱ ደጃችን መጡ።

«ይቺን ልጅ ስጡኝ» አሉ።

አማቴ «ታጋይ ሆና ማን ያገባታል!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ፊቴን በሸፈነው ሻሼ ስር ሆኜ «ይውሰዷት እማማ፣ ቢያንስ እዚህ ዕቃ መስበሯን ትተወናለች» አልኩ። በዚህ ተስማማን።

ጉሩጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ስናደድ እንዳልረሳው። ሚስት አላገቡም፤ አካራው፣ ማለት የትግሉ አፈር ያለበት ግቢ፣ እዚያው ያድራሉ፤ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ነው የሸበቱት። ግን አንድ እምነት አላቸው። የወንድ ኃይል በዘሩ ውስጥ ነው፣ ያላፈሰሰ ይጠነክራል፣ ያፈሰሰ ይደክማል ይላሉ። ወንዶቹን በዚህ ነው ያነጿቸው። ሴቶች ወደ አካራው መምጣት ሲጀምሩ ግን ግራ ገባቸው። የሴት ኃይል የት እንደሚቀመጥ ማን ይንገራቸው?

የወር አበባ ያየች ልጅ አፈሩን አትረግጥም፤ የታጋዮች አምላክ የሃኑማን ምስል እዚያ ቆሟል። ቀኗ እስኪያልፍ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣ የሌሎቹን ትግል ታያለች። ይሄ ደግሞ የቆየ ነገር ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

ነገሩ የተበላሸው የክልሉ የታጋዮች ምርጫ ውድድር ሲቃረብ ነው። ዳፑ በተፈጥሮዋ ሃምሳ አምስት ኪሎ ትመዝናለች። በዚያ ኪሎ የጎረቤት መንደሯ ሱሺላ አለች፤ ጥጃ በአንድ እጇ የምትጎትት ጉደኛ። ጉሩጂ አሰቡ አሰቡና «ወደ ሃምሳ ውረጂ፣ እዚያ የሚችልሽ የለም» አሏት። መጀመሪያ ቂጣ ከለከሏት። ቀጥሎ ቅቤ። ቀጥሎ ወተት። የቀራት ዱባ ቅጠል፣ ኪያርና ቀጭን የማሾ ውሃ ነበር። አጠገቧ ወንዶቹ አልሞንዱን በወተት አስፈጭተው፣ ቅቤውን በኩባያ እየጨለጡ ያገሳሉ። እሷ ደግሞ የጉሩጂን ቃል እንደ ጸሎት ይዛ ጥርሷን ነክሳ ትሮጣለች።

ከዚያ ማየት ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ራቁቱን በሚተኛበት ሙቀት ዳፑ ብርድ ልብስ ትደርባለች። ስታበጥር ማበጠሪያው ፀጉር ሞልቶ ይወጣል። ቅልጥሟን እየያዘች ነው ደረጃ የምትወርደው። ድሮ የምትስቅበት ነገር ያስለቅሳታል፤ አንድ ቀን ጎሿ ረገጠችኝ ብላ ግማሽ ቀን አነባች። ከሁሉም በላይ ግን ሞዴሱ። ከከተማ የማመጣው ሞዴስ የእኔና የእሷ ነው፤ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። አልጎድል አለኝ።

«ዳፑ፣ ምነው ሞዴሱ አያልቅም?»

«እኔ አልፈልገውም።»

«እንዴት ነው የማትፈልጊው?»

«ቀረ።»

«ምን ማለት ነው ቀረ? መቼ?»

«ከሆሊ በዓል በፊት ጀምሮ። ጥሩ እኮ ነው እትዬ! ጉሩጂ ግድግዳው ጥግ መቀመጥ እንደተውኩ አይተው በሁሉም ፊት አመሰገኑኝ። ኃይሏ ሳይፈስ ውስጧ ቀረ፣ አሁን እውነተኛ ታጋይ ሆነች አሉ። በእኔ ስም ለልጆቹ ጣፋጭ አከፋፈሉ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «አንቺስ በላሽ?»

«አሸተትኩት» አለች።

አንጀቴን በላችው። አማቴ ጋ ሄጄ ነገርኳት። እሷ ደግሞ የባሰች! «ዝም በይ፣ ሰው ከሰማ መካን ናት ይሏታል» ብላ አፌን በመዳፏ ከደነችው፤ ቤተ መቅደስ ወስዳ ቀይ ክር አሰረችላት። ክር! ልጅቷ የምትፈልገው ቂጣ ነው፣ የታሰረላት ክር ነው።

ክረምት ሲገባ የአፈሩ ቀን መጣ። በዓመት አንዴ የአካራው አፈር ይቆፈራል፣ ይገለበጣል፣ ይነፋል፤ ከዚያ ለስለስ እንዲልና ቁስል እንዳያመረቅዝ እርድ፣ የሰናፍጭ ዘይት፣ አሬራና ቅቤ ይፈስበታል። እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያመጣል። ሁሌ የምናደርገው ነው፤ አያቶቻችንም አድርገውታል። እኔም በራሴ ላይ የአሬራ እንስራ፣ በእጄ የቅቤ ጣሳ ይዤ፣ ሻሼን እስከ አገጬ አውርጄ ሄድኩ። እኛ ጋ ምራት በሽማግሌ ፊት ፊቷ አይታይም፣ ድምጿም አይሰማም።

ዳፑ ከልጆቹ ጋር አካፋ ይዛ ትቆፍራለች። አጠገቧ ስደርስ ቀና አለች። እኔን አላየችም። ዓይኗ ጣሳው ላይ ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ አካፋው ከእጇ ወደቀ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃትና አፈሩ ላይ ተዘረረች።

ወንዶቹ ተሯሯጡ። አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ ሽንኩርት አሽትቷት ይላል። እኔ እንስራውን አወረድኩና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አሬራውን ትንሽ በትንሽ አጠጣኋት። ዓይኗን ስትገልጥ ለቆፋሪዎቹ የመጣውን ቂጣ ቆርሼ ከጣሳው ቅቤ አጠቀስኩና አጎረስኳት።

«ምን እየሆነ ነው?» አሉ ጉሩጂ ከበላዬ ቆመው። «የአፈሩ ነው እኮ እሱ!»

እውነቱን ልናገር፣ ያሰብኩበት ነገር አልነበረም። ብቻ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሻሼን ገለጥኩና ቀጥ ብዬ አየኋቸው። አንድ ወንድ «ወይ ጉድ!» ሲል ሰማሁ።

«አፈሩ ጠግቧል ጉሩጂ» አልኩ። «ዘይት ጠጥቷል፣ አሬራ ጠጥቷል፣ ቅቤ በልቷል። ለአፈር የሚራራ አንጀት ለልጅቷ እንዴት ጠፋ?»

«ምራት!» ብለው ጮሁ። «ወራት ሙሉ የተጠራቀመ ኃይል ነው በአንድ ጉርሻ የምታበላሺው! ሊሞላላት ሲል!»

«ምኑ ነው የሞላው? ፀጉሯ ነው? ቅልጥሟ ነው? ሰው እንጂ እንስራ ናት እንዴ እንዳይፈስ የሚከደን!»

የፊታቸው ደም ሥር ተነሳ። «ሃምሳ ኪሎ ሳትሆን ይቺን በር እንዳትረግጥ። አንቺ ደግሞ ከነጭራሹ!»

«በሞቴ ጨርሺ» አልኳት ለዳፑ። እያለቀሰች አኘከች። ከዚያ ደግፌ ወሰድኳት።

ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ምን ቆርጧት! መንገድ ላይ እጄን አሽቀንጥራ ጣለች። «አጠፋሽኝ እትዬ! ሕይወቴን ነው ያጠፋሽው! ማን ተናገሪልኝ አለሽ?» ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። እኔም አልቻልኩም፣ ተናደድኩ። «እንግዲያው በመኝታሽ ሙቺ፣ አካራ ውስጥ ሞተሽ ሰው አትረብሺ» አልኳት። ሁለታችንም እያለቀስን ቤት ገባን።

ግን ከተማ ያለችው ሴት ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ቅልጥሟን በራጅ አየችው፤ አጥንቷ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ደሟን አስመረመረች፤ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀች። ዳፑ ደረቷን ነፍታ «ኃይሌ ውስጤ ስለቀረ ነው» አለቻት።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «የምን ኃይል ቀረ? ሰውነትሽ የሚበላው ሲያጣ ልብሽንና ሳንባሽን ለማትረፍ ሌላውን እየዘጋ ነው። ጎተራችሁ ባዶ ሆኖ ሰርግ ትደግሳላችሁ? ሰውነትሽም ልክ እንደዚያ ነው ያደረገው፤ የልጅ መውለጃውን ነገር ተወው። የወር አበባሽን የሚያመጣው ሆርሞን አጥንትሽንም የሚጠብቅ ነው። እሱ ሲጠፋ ነው ቅልጥምሽ የተሰነጠቀው።»

ዳፑ ቅልጥሟን በመዳፏ ዳበሰች። «እና ምን ልብላ?» አለች በትንሽ ድምፅ።

«ሁሉንም። ቂጣው ማገዶሽ ነው፤ ያለ እሱ ስትሮጪ የራስሽን ሥጋ ነው የምታነጂው። ሽምብራው፣ ማሾው፣ እርጎው ገንቢ ነው፤ የደከመ ጡንቻሽን ይጠግናል። ቅቤውና ዘይቱ ደግሞ ቅባት ነው፤ ሰውነት ብዙ ሆርሞን የሚሠራው ከቅባት ነው። አንዱን አውጥተሽ በሌላው ብትሞዪ አይሆንም። ሦስቱም በየገበታው፣ ከአትክልት ጋር። አጥንትሽ እስኪጠገን ትግል የለም።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ የተስተካከለ መስሏችሁ ይሆናል። ኧረ ወዲያ! አማቴ አለች እኮ! ከነገርናት የሐኪሟ ቃል ሁሉ «ቅቤ» የሚለውን ብቻ ነው የያዘችው። በማግስቱ ቂጣ ወቅጣ በስኳርና በቅቤ አሽታ ታጎርሳት ጀመር፤ ጠዋት እሱ፣ ቀን እሱ፣ ማታ እሱ። ልጅቷ ሆዷ ተነፋ፤ እንደበላች ድብን ብላ ትተኛለች፤ ስትነሳ እንደገና ይርባታል፣ ትነጫነጫለች።

«እማማ፣ በሬ ነው እንዴ የምታደልቢው?» አልኳት።

«ሐኪሟ ቅቤ አለች!»

«ቅቤ ብቻ አላለችም! ገንቢ አለች፣ እርጎ አለች፣ ሽምብራ አለች!»

«ልጅ ማሳደግ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? አምስት ወልጄ!»

«አምስት ወልደሽ ነው ጉልበትሽን ይዘሽ እያቃሰትሽ የምትዞሪው! አንቺስ መቼ በልተሽ ታውቂያለሽ? ሻይና ደረቅ ቂጣ ነው ኑሮሽ።»

ተኮራረፍን። ግን እውነቴን ነበር፤ በዚያ ቤት ሴት የምትበላው የተረፈውን ነው፣ የሚተርፈው ደግሞ ቂጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስቱን እኔ ያዝኩ። ለእያንዳንዳችን ትኩስ የማሽላ ቂጣ፣ ወፍራም የማሾ ወጥ ወይ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ጎድጓዳ ሳህን እርጎ፣ ጎመን፣ ከላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ። ለአማቴም እኩል አቀረብኩላት። መጀመሪያ ሳህኑን ገፋችው። ከዚያ ማንም የማያያት ሲመስላት ጨረሰችው። ክረምቱ ሳይወጣ «ጉልበቴ ምነው ተሻለኝ?» ትል ጀመር፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ዳፑ ግን የምታገግመው ቀስ በቀስ ነበር። ፀጉሯ ቆመላት፣ ብርድ ልብሱን ጣለች፣ ቅልጥሟ ዳነ። ሐኪሟ ስትፈቅድላት ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ገመድ አንጠልጥላ መውጣት መውረድ ጀመረች። ኪሎዋ ሃምሳ አምስትን አልፎ ሃምሳ ሰባት ደረሰ። ያ የወር አበባ ግን አልመጣም አለ። ምርጫው እሷ ሳትኖር አለፈ፤ ጉሩጂ ሌላ ልጅ ላኩ። የዚያን ቀን ከገመዱ ስር ተቀምጣ «እትዬ፣ እዚያ በር ባልመለስስ?» አለችኝ። በእኛ መንደር ሌላ አካራ የለም፣ ብቻዋን ማንም አይታገልም፤ ያለ አካራ ደግሞ ምርጫ የሚያስገባት የለም። ፀጉሯን አበጠርኩላት።

ብርዱ ገብቶ ጎሾቹ ላይ ጆንያ ማልበስ በጀመርንበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከመታጠቢያው በኩል ጩኸት ተሰማ።

«እትዬ! ሞዴስ አምጪ! ቶሎ በይ፣ ሞዴስ!»

ግማሽ መንደር ሰምቷል። አማቴ ማሽላ እያንጓለለች ነበር፤ ወንፊቱን ጥላ ተነሳች፣ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ እንባዋን ጠረገች፣ «እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችባት የተባለችው ሴት መሆኗን ያየ አያምንም። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብቻ ሣጥኑን ይዤ ስሮጥ ጫማዬ ከእግሬ ወልቋል።

ዳፑ ታጥባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ የትግል ልብሷን ለብሳ ወጣች።

«የት ነው?» አልኳት።

«አካራ።»

«ዛሬ? እንዲህ ሆነሽ?»

«እንዲህ ሆኜ ነዋ! ሲቀርብኝ ጣፋጭ ያከፋፈሉ ሰውዬ ሲመጣልኝ ይዩ።»

ተከተልኳት። ልከለክላት ይሁን ልረዳት እኔም አላውቅም። በሩ ክፍት ነበር። ወንዶቹ ገመድ ይዘላሉ፤ ሦስት ሴት ልጆች አፈሩ ላይ ናቸው፣ ሁለቱ ግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል። ጉሩጂ ከምስሉ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ዳፑ አጎንብሳ እግራቸውን ነካች። እንደ ልማዳቸው ሊመርቋት እጃቸውን ወደ ራሷ ዘረጉ።

«ጉሩጂ፣ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነኝ» አለች ቀና ብላ። «በሃምሳ አልታገልም፣ መቼም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የወር አበባዬ መጥቷል።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ገመድ የሚዘለው ሁሉ ቆመ። ዳፑ ዞር ብላ ጫማዋን አወለቀችና አፈሩን ረገጠች።

«ውጪ!» አሉ ጉሩጂ። «ውጪ ከዚያ! ሃኑማን ፊት!»

«ሃኑማንስ ከማን ተወለደ ጉሩጂ?» አለች ዳፑ። እግሯን ከአፈሩ አላነሳችም። «እናቱ አንጃኒ የወር አበባ ባታይ ኖሮ ዛሬ ለማን ነበር የሚሰግዱት?»

ጉሩጂ «ሁላችሁም ውጡ» አሏቸው አፈሩ ላይ ላሉት ሴት ልጆች። «ማንም እንዳይነካት። ብቻዋን ከአፈሩ ጋር ትታገል እስቲ።» ወንበራቸውን ትተው ጀርባቸውን ለእኛ ሰጡና ወደ ምስሉ ዞሩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ዳፑ ብቻዋን መሃል ላይ ቀረች፤ ክንዷን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ማንም የሌለበትን ፊት ለፊት እያየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ይሄንንማ ቆሜ አላይም። ሻሼን አውልቄ ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። ጫማዬን ጣልኩ። በባዶ እግሬ ያንን አፈር ረግጬው አላውቅም፤ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ እግር ይውጣል።

«እትዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ዳፑ።

«ልታገልሽ ነዋ። ነይ።»

«ትሰበሪያለሽ!»

«አንቺ ጅል፣ ነይ አልኩሽ! ቂጣ ስጋግርልሽ የከረምኩት ልታዝኚልኝ ነው?»

ገባችብኝ። እንዴት እንደሆነ አላየሁም። ክንዷ በብብቴ ስር አለፈ፣ ዳሌዋ ሆዴ ላይ ገባ፣ መሬቱ ከእግሬ ስር ሄደ። የሚቀጥለው የማውቀው ነገር በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማዩን ማየቴን ነው። ጎረምሶቹ «ኡህ!» ሲሉ ተሰማኝ። 

ጉሩጂ ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው። አልዞሩም። ግን ጭንቅላታቸው ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ የአወዳደቄን ድምፅ እየሰሙ ነበር።

«ግራ እግርሽ ዘግይቷል» አሉ ቀስ ብለው፣ ለምስሉ የሚያወሩ ይመስል።

የዳፑ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ግንባሯ ላይ አፈር ተለጥፏል። «ጀርባ ሰጥቶ ማረም የለም ጉሩጂ» አለች። «የዘገየውን እግር ማየት የፈለገ ይዞራል።»

ግድግዳው ጥግ ከተቀመጡት አንዷ ብድግ ብላ ወደ አፈሩ ገባች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት።

ጉሩጂ ዞሩ። እኔን ግን ከመሬት ያነሳኝ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የዳፑን እግር ነበር።